ልጓሙን የያዙት ፍርሃት፦ ሰው አስፈሪ ፊልም ማየት ለምን ይወዳል?

ታናሽ እህቴ አስፈሪ ፊልም ስታይ ዓይኗን አትሸፍንም። መብራት አጥፍታ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አቁማ ትቀመጣለች። ከምስሉ ጋር የሚሄደው ሙዚቃ እየሳሳ ሄዶ ጸጥታ ሲሰፍንና የኮሪደሩ በር ሊከፈት መሆኑን ስታውቅ፣ አውራ ጣቷ ወደ ድምፅ መቀነሻው ይሄዳል። የሚመጣውን ነገር ያለ ድምፅ ታየዋለች፤ መጥቶ ሲያልፍላት ድምፁን ትመልሰዋለች። አንድ ምሽት ትከሻዎቿ እስከ ጆሮዎቿ ተሰብስበው፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ አይቼ፣ «ይህን ያህል ካስፈራሽ ለምን አትዘጊውም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እየወደድኩት ለምን እዘጋዋለሁ?» አለችኝ።

መልሷ ተራ ነገር ቢመስልም፣ ፈላስፎችን ከ2,000 ዓመታት በላይ ሲያነጋግር የኖረ ጉዳይ ነው። ፍርሃት ያለን እንድንሸሽ ነው። ከእባብ፣ ከገደል አፋፍና በጨለማ ከሚሰማ ኮቴ የምንርቀው ይህ ክፉ ስሜት ስለሚገፋን ነው፤ ስሜቱ ክፉ ባይሆን ኖሮ ሥራውን ባልሠራም ነበር። ታዲያ ይህንኑ ስሜት ጊዜ መድቦ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልግ ሰው ምን እያገኘበት ነው? አርስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን፣ በእውን ብናያቸው የሚዘገንኑንን ነገሮች፣ ለምሳሌ ሬሳንና አስጸያፊ እንስሳትን፣ በትክክል ተስለው ስናያቸው ግን ደስ እንደሚሉን አስተውሏል። ፈላስፋው ኤድመንድ በርክም በ1757 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ስለ ልዕልናና ስለ ውበት በሚመረምር መጽሐፉ፣ አደጋና ስቃይ አጠገባችን ሲደርሱ አንዳች ደስታ እንደማይሰጡ፣ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆኑ ግን ደስ ሊያሰኙ እንደሚችሉ ጽፏል። በ1990 አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል ስለ አስፈሪ ታሪኮች ፍልስፍና አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ከዋነኛ ጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር።

የእኔ እምነት የበርክ «ርቀት» የምትለው ቃል ወደ መልሱ የምታደርስ መሆኗ ነው፤ ነገር ግን ርቀቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ ካልተጨመረበት መልሱ ጎደሎ ይሆናል። ሰው ደስ የሚለው ልጓሙን ራሱ በያዘው ፍርሃት ነው። ልጓሙ ከእጁ ሲወጣ፣ ያው ፊልም፣ ያው ትዕይንት፣ ያው ጩኸት ደስታ መሆኑ ይቀርና ለዓመታት የማይለቅ ጠባሳ ይሆናል። ዛሬ አስፈሪ ፊልም ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ስለሚገኝ፣ ልጓሙ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከምንጊዜውም ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል።

በመጀመሪያ ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። የሃርቫርዱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈራ ወይም የተቆጣ እንስሳ ሰውነት እንዴት ለትግል ወይም ለሽሽት እንደሚዘጋጅ ዘርዝሯል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ተነሥቶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ አፍ ይደርቃል። አስፈሪ ፊልም የሚያይ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦም ቢሆን ይህ ሁሉ ይደርስበታል። ፊልሙ በተዋናይ፣ በቀለምና በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ልቡ ግን ከመምታት አይመለስም።

ለዚህ አንዱ ማብራሪያ የመጣው ከነርቭ ሳይንስ ነው። ጆሴፍ ሌዱ በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ምርምሮች፣ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣ መረጃ በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ወደምትገኘው፣ አደጋ ሲመጣ ሰውነትን ወደምታነቃቃው አሚግዳላ የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች እንዳሉ አሳይቷል። አንደኛው አጭርና ፈጣን ነው፤ ምን እንደመጣ ሳያጣራ «አንድ ነገር መጣ» ብቻ ይላል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ በአንጎል ውጫዊ ክፍል በኩል ዞሮ፣ ነገሩን አይቶና መዝኖ ይመጣል። መሬት ላይ የተጣለ ገመድ አይተን በርግገን ወደ ኋላ የምንዘለው በአጭሩ መንገድ ነው፤ «ኧረ ገመድ ነው» ብለን ትንፋሻችንን የምንሰበስበው በረጅሙ ነው። አስፈሪ ፊልም የሚሠራው በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። ሰውነት ቀድሞ ይደነግጣል፤ ዕውቀት ተከትሎ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ይህ ስለ ድንጋጤው ይነግረናል እንጂ ስለ ደስታው አይነግረንም። ደስታውን ለማብራራት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የቆየው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዶልፍ ዚልማን በ1970ዎቹ ያዳበረው የስሜት ግለት ሽግግር ሐሳብ ነው። እንደ ዚልማን አባባል፣ በፍርሃት ጊዜ የተቀሰቀሰው የሰውነት ግለት ምክንያቱ ሲያልፍ ወዲያው አይበርድም። ጀግናዋ ስታመልጥ እፎይ እንላለን፤ ነገር ግን ልባችን ገና እየመታ ስለሆነ እፎይታው በተረፈው ግለት ላይ ተጨምሮ ከተራ እፎይታ እጅግ የጎላ ይሆናል። ይህን ያልቀመሰ ያለ አይመስለኝም፤ ክፍሉ በሙሉ ጮኾ ወዲያው በሳቅ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ሆኖም ሐሳቡ አንድ ክፍተት አለበት። ደስታው የሚመጣው ከፍርሃቱ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ክፉው ሳይሸነፍ የሚያልቁትን ፊልሞች ማን ይወዳቸው ነበር? ከአስፈሪ ፊልሞች ብዙዎቹ የሚያበቁት ደግሞ እንደዚያ ነው።

በ2007 ኤድዋርዶ አንድራዴና ጆኤል ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው፣ አስፈሪ ፊልም የሚወዱና የሚሸሹ ሰዎችን ጎን ለጎን አጠኑ። ለብዙዎቻችን ግልጽ የሚመስለው፣ የሚወዱት ሰዎች ብዙም አይፈሩም የሚለው ግምት ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ አልሆነም፤ ሁለቱም ወገኖች የፈሩት ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ፣ በወዳጆቹ ዘንድ ከፍርሃቱ ጋር በአንድ ጊዜ ደስታም መነሣቱ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈሩት ትዕይንቶች ይበልጥ ደስ የሚያሰኙም ነበሩ። ስለዚህ እህቴ ትከሻዋ ተሰብስቦ «እወደዋለሁ» ስትል ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ከዚህ ጥናት ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቀጣዩ ክፍል ነው። ተመራማሪዎቹ ፊልሙን ከማሳየታቸው በፊት ስለ ተዋናዮቹ ማንነት አጭር ጽሑፍ አስነበቡ፤ ፊልሙ ሲታይም የተዋናዮቹን ፎቶግራፍ ከስክሪኑ ጎን አኖሩ። በዚያን ጊዜ አስፈሪ ፊልም የሚሸሹት ሰዎችም እየፈሩ ደስ ይላቸው ጀመር። «ይህ ተውኔት ነው» የሚለው ማሳሰቢያ ፍርሃቱን አላጠፋውም፤ ዙሪያውን አጥር አበጀለት እንጂ። ወዳጆቹ ያንን አጥር በራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ለሌሎቹ ሰው ሊሠራላቸው ያስፈልጋል።

አጥሩ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጆናታን ሃይት፣ ክላርክ ማኮሊና ፖል ሮዚን በ1994 ባሳተሙት ሥራ ይታያል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እውነተኛ ቪዲዮዎችን አሳዩ፤ አንዱ የቄራ ሥራን፣ ሌላው ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ የሕፃን ፊትን የሚያሳይ ነበር። ተማሪዎቹ በፈለጉ ጊዜ እንዲያቆሙ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ አብዛኞቹም ከማለቁ በፊት አቆሙት። በፊልም የሚታየው ደም ግን ከዚያ ብዙ ጊዜ የበዛና የከፋ ነው። ከዚህ የምረዳው ልጓሙ በሁለት ክር የተገመደ መሆኑን ነው። አንደኛው የማቆም ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው በእውነት የሚጎዳ ሰው የለም የሚል እርግጠኝነት ነው። ተማሪዎቹ የመጀመሪያው ነበራቸው፤ ሁለተኛው ስላልነበራቸው ደስታ የሚባል ነገር አልመጣም። በዚህ ምክንያት አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ጨካኝ ነው፣ ደም ማየት ያስደስተዋል የሚለውን ወቀሳ አልቀበልም። አብዛኛው የዚህ ፊልም ወዳጅ እውነተኛ የአደጋ ቪዲዮ ሲያጋጥመው ፊቱን ያዞራል።

ፖል ሮዚን ለዚህ ዓይነቱ ደስታ ስም ሰጥቶታል፤ ጉዳት የሌለው ራስን ማሠቃየት እንደማለት ነው። በሚያስለቅስ ዘፈን መደሰት፣ ሆድን በሚያናውጥ የመዝናኛ ባቡር ቁልቁል መወርወር፣ ጡንቻ እስኪዝል መሮጥ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሰውነት «አደጋ ነው» ብሎ ይጮኻል፤ አእምሮ «አይደለም» ይላል፤ ደስታው የሚመጣው አእምሮ ሰውነትን ከመርታቱ ነው። ይህ አገላለጽ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ደስታውን በፍርሃቱ ላይ ሳይሆን በፍርሃቱ አያያዝ ላይ ያስቀምጠዋል።

ልጓሙ እንዴት እንደሚያዝ በቅርብ ያዩት ደግሞ በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እነ ማርክ አንደርሰንና ማቲያስ ክላሰን ፊልም ከማሳየት ይልቅ፣ ቫይለ በተባለች ከተማ ወዳለ ሰውን ለማስፈራት ተብሎ ወደተሰናዳ ቤት 110 ሰዎችን የልብ ምት መቆጣጠሪያ አስረው ላኩ። በ2020 የታተመው ውጤታቸው የተገለበጠ የጽዋ ቅርጽ አለው። ፍርሃቱ ትንሽ ሲሆን ጎብኚው ይሰለቻል፤ እየጨመረ ሲሄድ ደስታውም ይጨምራል፤ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ግን ደስታው ይወርዳል። ከዚያ ቀደም ብለው በዚያው ቤት ባደረጉት ጥናት ደግሞ ጎብኚዎቹ በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ገሚሶቹ ፍርሃታቸውን በተቻላቸው መጠን ለማብዛት፣ ገሚሶቹ ለመቀነስ ይሞክሩ ነበር። አንዱ እጁን በኪሱ ከትቶ ብቻውን ወደ ጨለማው ይገባል፤ ሌላው የጓደኛውን ክንድ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሜካፕ ነው፣ ሜካፕ ነው» እያለ ያልፋል። ሁለቱም ወገኖች በመጨረሻ የረኩት እኩል ነበር።

የእህቴ አውራ ጣት የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ያለ ድምፅ መቀነሻው ፍርሃቱ ከልኩ ያልፍባታል፤ ፊልሙን ብትዘጋው ደግሞ ባዶ እጇን ትቀራለች። ከሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ በጣቷ ጫፍ እያስተካከለች ትቆይበታለች። በጣቶቻቸው መካከል አጮልቀው የሚያዩ፣ ትራስ የሚያቅፉ፣ «አትግቢ! አትግቢ!» ብለው ስክሪኑ ላይ የሚጮኹ ሁሉ የፈሪ ሥራ የሚሠሩ ይመስላቸዋል፤ ሰዎችም ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ጎበዝ ጋላቢዎች ናቸው እላለሁ።

ድምፁን መምረጧም አለምክንያት አይደለም። የፍርሃት ግማሽ በጆሮ የሚገባ ነው፤ የፊልም ሠሪዎችም ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» በተባለው ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች፤ የጫማዋ ኮቴ ብቻ ይሰማል፤ ተመልካቹ አውሬ ሊወጣባት ነው ብሎ ትንፋሹን ሲይዝ፣ እንደ አውሬ የሚያፏጭ ድምፅ ያሰማው አውቶቡስ ድንገት ፊቷ ላይ ይቆማል። የፊልም ባለሙያዎች ያንን ብልሃት በፕሮዲውሰሩ በቫል ሉተን ስም «የሉተን አውቶቡስ» እያሉ እስከ ዛሬ ይጠሩታል። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» ውስጥ የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ያለ ሙዚቃ ለማሳየት አስቦ ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮኽ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ሐሳቡን አስለወጠው። ዛሬ ስለዚያ ትዕይንት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚያሰማው ያንን ጩኸት ነው።

ጩኸቱ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ የገለጡት ደግሞ የእንስሳት ተመራማሪዎች ናቸው። ዳንኤል ብሉምስታይን የዱር እንስሳትን ግልገሎች ሲይዝ የሚያሰሙትን የጭንቅ ጩኸት ካጠና በኋላ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ከ100 በላይ የፊልም ድምፆችን መረመረ፤ በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥም ከጉሮሮ አቅም በላይ ሲጮኹ የሚፈጠረውን የሻከረና የተዛባ ድምፅ አገኘው። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናትም የሰው ጩኸት በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ በሚዋዥቅ ሻካራነት ከሌላው ድምፅ እንደሚለይና ይህም ሻካራነት አሚግዳላን እንደሚቀሰቅስ አሳየ። እንግዲህ የቫዮሊኑ ሲቃ ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ የተጨነቀ ፍጥረት ድምፅ ነው፤ አጭሩ መንገድ ደግሞ ቫዮሊንን ከፍጥረት አይለይም።

ከድንጋጤ ይልቅ ግን ጥበቃ፣ ማለትም ክፉው መቼ ይመጣ ይሆን እያሉ መጠበቅ፣ ይበልጥ ኃይለኛ ነው። ሂችኮክ ለፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ቃለ ምልልስ ያስቀመጠው ምሳሌ እስከ አሁን የሚተካከለው አልተገኘም። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው እያወሩ ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ለ15 ደቂቃ በጭንቅ ይቀመጣል። የፊንላንዱ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ሰዎች አስፈሪ ፊልም ሲያዩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ቀርጸው ይህን የሚመስል ነገር አገኙ፤ ጭንቀቱ ቀስ በቀስ ሲገነባ የማየትና የመስማት ክፍሎች ንቃታቸው ይጨምራል፤ ድንገተኛው ነገር ሲከሰት ደግሞ አደጋን መዝነው ለእርምጃ የሚያዘጋጁት ክፍሎች ይነሣሉ። ጥበቃው ሰውን በጆሮና በዓይን ብቻ የተሠራ ያደርገዋል፤ የሥራው ጭንቀት፣ የቤት ኪራዩ፣ ያልመለሰው መልእክት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ ይጠፋሉ። ብዙ ሰዎች ከአስፈሪ ፊልም በኋላ «ቀለል አለኝ» የሚሉት አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ማርጊ ከርና ባልደረቦቿ ወደ አስፈሪ ቤት በፈቃዳቸው የገቡ 262 ሰዎችን ሲያጠኑ፣ ከመግባታቸው በፊት ደክሟቸው፣ ሰልችቷቸው ወይም ተጨንቀው የነበሩት በተለይ ስሜታቸው ተሽሎ መውጣታቸውን አግኝተዋል።

ያልታየ ነገር ከታየው ይልቅ ማስፈራቱም የዚሁ የጥበቃ ልጅ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 የወጣውን የሰው በላ ሻርክ ፊልም «ጆውስ»ን ሲቀርጽ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ በጨዋማው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረው፤ ስለዚህ ሻርኩን ደብቆ በውኃው ወለልና በሙዚቃ ብቻ አሳየው፤ ፊልሙም ይበልጥ አስፈሪ ሆነ። በ1999 የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ጠንቋይቱን አንድም ጊዜ ሳያሳይ፣ በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ተቀርጾ በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ኩባንያዎች ይህን የፊልም ዓይነት የሚወዱት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከደስታው ጀርባ የማወቅ ጉጉትም አለ። ካሮል በመጽሐፉ የሚለው፣ ጭራቅ የሚባለው ፍጡር ሞቶ የሚሄድ፣ ሰው ሆኖ አውሬ የሆነ፣ በምናውቃቸው መደቦች ውስጥ የማይገባ ስለሆነ፣ ምንነቱን የማወቅ ፍላጎታችን ከመጸየፋችን ይበልጣል የሚል ነው። ይህ ጉጉት የሰው ብቻም አይደለም። በሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ የሚኖሩ የቶምሰን ሚዳቋዎች አቦሸማኔ ሲያዩ ሁልጊዜ አይሸሹም፤ አንዳንዴ በቡድን ሆነው ጠጋ ብለው ያዩታል፤ ሲሄድም ይከተሉታል። ተመራማሪዎች ይህን ጠላትን የመሰለል ባሕርይ ይሉታል፤ ጥቅሙም አዳኙን ማወቅና እንደታየ ማስታወቅ ነው። በክፉ ነገር ላይ ዓይናችንን የምንተክለው እኛም ከዚህ የራቅን አይመስለኝም። በኮቪድ ወረርሽኝ መጀመሪያ ወራት ኮልተን ስክሪቭነርና ባልደረቦቹ ባደረጉትና በ2021 በታተመው ጥናት፣ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ከሌሎች ያነሰ የሥነ ልቦና መታወክ እንደደረሰባቸው ታይቷል። ፊልሙ ሰዎቹን አጠነከራቸው ወይስ ጠንካሮቹ ፊልሙን መረጡት የሚለውን ይህ ጥናት ብቻውን አይወስንም። እኔ የመጀመሪያው ቢያንስ በከፊል እውነት ይመስለኛል፤ ልጓም መያዝ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነውና።

አብሮ ማየትም የራሱ ድርሻ አለው። ዚልማንና ባልደረቦቹ በ1986 ባደረጉት ሙከራ፣ ወንዶች ከምትፈራ ሴት ጋር ሲያዩ፣ ሴቶች ደግሞ ከማይፈራ ወንድ ጋር ሲያዩ ፊልሙን ይበልጥ ወድደውታል። የዘመኑን የጾታ ልማድ የሚያሳይ ውጤት ስለሆነ ብዙ አልመካበትም፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ትከሻ መኖሩ ልጓሙን እንደሚያጠብቀው ማንም ያውቀዋል። ፈጽሞ የማይወዱትም ብዙ ናቸው። ማርቪን ዙከርማን በ1964 በመሠረተው መለኪያ፣ ብርቱ ስሜት ለመፈለግ ያለው ዝንባሌ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሌላው ሕመም በቶሎ የሚሰማቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይሸሹታል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ማንም ሰው እንዲወደው ሊጎተጎት አይገባም።

ወደዚህ የምመጣው በራሴ ምክንያት ነው። በ8 ዓመቴ ገደማ በዕድሜ የሚበልጡኝ የዘመድ ልጆች አስፈሪ ፊልም ሊያዩ ሰብሰብ ብለው ነበር። መውጣት እፈልጋለሁ ስል አንደኛው በሩን በጀርባው ደገፈና «ወንድ አይደለህም?» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ ባዞርም ድምፁ ነበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመሽ በመስኮት መስታወት ላይ የራሴን ፊት እንኳ ማየት አልችልም ነበር። ሰው ከሆንኩ በኋላ ያንኑ ፊልም ፈልጌ አየሁት፤ ያ ሁሉ ዓመት ያሳደደኝ ፊት የጎማ ጭምብል ነበር፤ አንገቱ ላይ ከቆዳው ጋር የተጣበቀበት መስመር ሳይቀር ይታያል። ፊልሙ አልተለወጠም። በሩን የያዘው ሰው ነው የተለወጠው።

እንዲህ ያለው ነገር የኔ ብቻ እንዳልሆነ ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር በ1999 ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። ከጠየቋቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 90 በመቶ የሚሆኑት በፊልም ወይም በቴሌቪዥን ክፉኛ የፈሩበትን ጊዜ ያስታውሳሉ፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ርዝራዡ እስከዚያን ቀን አልለቀቃቸውም ነበር። ልጆች የልጓሙ ሁለቱም ክሮች ይጎድሏቸዋል። የማቆም ሥልጣን የላቸውም፤ ምናባዊውን ከእውነተኛው የሚለየው ችሎታቸውም ገና አልጠነከረም። በእውነተኛ ሕይወቱ ተመሳሳይ ግፍ የደረሰበት ሰውም እንዲሁ ነው፤ ለእርሱ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ተውኔት መሆኑ የሚያጽናናው ላይሆን ይችላል።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ፊልሞቹ መብዛታቸው አይደለም። ሰው መርጦ፣ ርዕሱን አይቶ፣ ጊዜውን ወስኖ የሚያየው ፊልም ልጓሙን ይዞ የሚገባበት ነው። አጫጭር ቪዲዮዎች ግን ሳይጠሩ ይመጣሉ። ልጅ የእንስሳት ጨዋታ እያየ ጣቱን ወደ ላይ ሲያንሸራትት፣ ቀጣዩ ከአስፈሪ ፊልም የተቆረጠ፣ ጥበቃው ሁሉ ተወግዶ ጩኸቱ ብቻ የቀረ 10 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። በጆሮው ማዳመጫ ስላለ እናቱም አትሰማም። ፊልሙ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምርበት አሠራርም ተመልካቹ «በቃኝ» የሚልባትን የመጨረሻ ቅጽበት ይሰርቃል። እነዚህን መተግበሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች በልጅ አካውንት ላይ ይህን አሠራር ከመነሻው ዝግ ማድረግ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ የሚከብድ ሥራም አይደለም።

ወላጆችም ለትንንሽ ልጆች «አይዞህ፣ እውነት አይደለም» ማለት ይበቃል ብለው ያስባሉ። የካንተር የረጅም ጊዜ ምርምር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆችን የሚያስፈራቸው የነገሩ መልክ ነው፤ «ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ትንንሾቹን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ደጉ ሰው ወደ ግዙፉ አረንጓዴ ፍጡር የሚለወጥበት ቅጽበት ነበር፤ ፍጡሩ ሰዎችን የሚያድን መሆኑ አላጽናናቸውም። ለእነርሱ ማብራሪያ ሳይሆን እቅፍ፣ መብራትና ስክሪኑን ማጥፋት ይሠራል። ማብራሪያ የሚጠቅመው ከፍ ላሉት ነው።

ባለፈው ወር የ10 ዓመት ወንድማችን እህታችን የምታየውን ካላየሁ ብሎ አስቸገረ። ለእሱ ዕድሜ የሚሆን ፊልም መርጣ፣ ቀን፣ መጋረጃውን ገልጣ ስልኩን በእጁ ሰጠችው፤ ከምንም አስቀድማም ማቆሚያውና ድምፅ መቀነሻው የት እንደሆኑ አሳየችው። 11ኛው ደቂቃ ላይ አቆመውና ኳሱን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ፣ ከ11ኛው ደቂቃ እንድትቀጥልለት ጠየቃት።